አንተ የምንለው አባት

አማርኛ አክብሮቱን ግሱ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ቄሱን «አባ፣ ይፍቱኝ» እንላለን። ጳጳሱን «ብፁዕነትዎ»፣ የጎረቤት ሽማግሌውን «ጋሼ፣ ይግቡ»። እግዚአብሔርን ግን «አንተ»። ከሁሉ በላይ ነው የምንለውን፣ ከጓደኛችን ጋር በምናወራበት ቃል ነው የምንጠራው።

ነገሩ ከግዕዝ ጋር ይያያዛል። ግዕዝ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለንጉሥም ለእረኛም «አንተ» ነው። ጸሎታችን ወደ አማርኛ ሲመለስ ያው «አንተ» እንዳለ ቀረ። እኔን የሚገርመኝ የ«አቡነ ዘበሰማያት» የመጀመሪያ ቃል ነው። «አቡነ» ማለት «አባታችን» ነው፤ ለጳጳሶቻችን ማዕረግ ያደረግነውም ይህንኑ ቃል ነው። አንዱን አቡነ መስቀሉን ስመን «እርስዎ» እንለዋለን፤ ሌላውን ማታ ወደ ምሥራቅ ዞረን ቆመን «አንተ»።

ታዲያ አክብሮቱ የት ሄደ?

ይህ ለእኔ የሰዋስው ጥያቄ ብቻ አይደለም። አባቴ ከቤት የወጣው የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። አልሞተም፤ ሄደ። እናቴ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዋን አሳደገችን። «አባት» የሚለው ቃል እኛ ቤት የሚነሣው ቅጽ ሲሞላ ነበር፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም።

እኛ አገር አብዛኞቻችን የቤተሰብ ስም የለንም። ያለን የአባት ስም ነው። አሳደገሽም አላሳደገሽም ስሙ ከስምሽ ቀጥሎ ይቀመጣል። ከቦሌ ኤርፖርት ተነስተሽ ሌላ አገር ስትደርሺ ደግሞ ጭራሽ በእሱ ወይም በአባቱ ስም ይጠሩሻል። «አቤት» የምትዪው አንቺ ነሽ።

ለዚህ ይመስለኛል የጸሎቱ የመጀመሪያ ልመና ሲገባኝ የደነገጥኩት። እንጀራው በኋላ ነው የሚመጣው፤ ይቅርታውም በኋላ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ኢየሱስ ያስቀደመው የአባቱን ስም ቅድስና ነው። ይህን ሐበሻ ሳይገባው አይቀርም። ሰፈር ውስጥ ልጅ ሲያጠፋ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። የአባት ስም የሚከበረውም የሚዋረደውም ልጁ እጅ ላይ ነው። እናቴ አባቴን ስንረግም ትቆጣን ነበር። «ስሙን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ» ትላለች።

«አባትሽ ጥሎሽ ሄዶ እግዚአብሔርን አባት ማለት አይከብድም?» ይሉኛል ጓደኞቼ። ይከብዳል። ቦሌ መድኃኔ ዓለም ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲጀምር፣ እኔ ከሁለተኛው ቃል ላይ የምገባበት ጊዜ ነበር። የያዘችኝ ያቺ ትንሽ «ነ» ናት። «አቡየ» ቢሆን «አባቴ» ነው፤ «አቡነ» ግን የሁላችን ነው። አጠገቤ ነጠላዋን አጣፍታ የቆመችው ሴት ቃሉን ስትል ለእኔም ብላልኛለች። ማለት የቻለ ማለት ያቃተውን ይዞ ይገባል።

ደግሞስ አማርኛ ራሱ አባትን በደም ብቻ መቼ ለካው? የንስሐ አባት አለ፣ የክርስትና አባት አለ፣ የጡት አባት አለ፣ እንጀራ አባት አለ። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ አባትነት ስሙን የሚያገኘው ከላይ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የሰማዩን በምድሩ መለካት ተውኩ። እንዲያውም የምድሩ ምን እንደጎደለው ያወቅኩት ሌላ መለኪያ ስላለ ነው።

አምና አባቴ ደወለ። ከስንት ዓመት በኋላ። ሰላምታው ሳያልቅ አንድ ነገር መወሰን ነበረብኝ፦ «አንተ» ወይስ «እርስዎ»? አባትን አክብር የሚለው ትእዛዝ «ካሳደገህ» የሚል ቅድመ ሁኔታ የለውም። «እርስዎ» አልኩት። ዝም አለ። ምናልባት ገብቶታል፤ ታክሲ ውስጥ ለማላውቃቸው ሽማግሌ የምሰጠውን ነው የሰጠሁት። እውነተኛ አክብሮት ነው፣ ግን ርቀት አለው።

ያኔ ነው ያ «አንተ» ለምን እንደማይጎረብጠኝ የገባኝ። እግዚአብሔርን «አንተ» የምለው ስለናቅሁት ሳይሆን ሄዶብኝ ስለማያውቅ ነው። ለእሱ የሚገባው አክብሮት ግሱ ላይ ሳይሆን ውሎዬ ላይ ነው የሚታየው፦ ሥራ ቦታ ላይ በማልዋሸው፣ ማንም ሳያየኝ በማልነካው ገንዘብ፣ የማን ልጅ ነሽ ስባል ላለማፈር።

ለፋሲካ አባቴ ድጋሚ ደውሎ ነበር። «እንኳን አደረስዎት» አልኩት። «እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ልጄ» አለ። ስልኩን ቶሎ አልዘጋሁትም።