ልጃችንን ያሞቃት ከሰሉ አልነበረም



ዲንሾን የሚያውቅ ብርዷንም ያውቃል። ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያለፈች ትንሽ ከተማ ናት። በበጋ ሌሊት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። አላህ የመጀመሪያ ልጃችንን የሰጠን እዚህ፣ በታኅሣሥ ብርድ ነው። ለሥራ የመጣን ባልና ሚስት ስለነበርን እናትም አክስትም አጠገባችን አልነበሩም።

በጤና ጣቢያ በሰላም ተወለደች፤ አልሐምዱሊላህ። ቤት ከገባን በኋላ በሦስተኛው ሌሊት ግን እግሯን ስንነካው በረዶ ሆኖ አገኘነው። ደረቷም ቀዝቅዟል። ጡት ሲሰጣት እንደወትሮዋ አልጠባችም። ደነገጥን። ቶሎ የመጣልን ሐሳብ ከሰል ነበር። ምድጃውን አቀጣጥለን አስገባን፤ በሩን ዘጋን፤ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፍን።

አራሷን ሊያግዙ አብረውን የሚያድሩ ጎረቤታችን ሐጃ ከእንቅልፋቸው ነቁና «ይህን እሳት አውጡልኝ! የሚሸት ጭስ ያስሮጣል፤ የማይሸተው ግን ተኝታችሁ ይወስዳችኋል» አሉ። ምድጃው ወጣ፤ በሩ ለጥቂት ጊዜ ተከፈተ። ከዚያ የልጅቷን ልብስ አውልቀው፣ ጭንቅላቷን በኮፍያ ሸፍነው፣ እናቷ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስተኟትና በላይዋ ጋቢ ደረቡ። እናትየው ሲደክማት ወደ አባትየው ዞረው «አንተስ ደረት የለህም?» አሉት። እሱም ሸሚዙን ከፍቶ ተቀበላት።

ከሰዓት በኋላ እግሯ ሞቀ፤ ጡቷንም መጥባት ጀመረች። ሲነጋ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ባለሙያዋ መርምራ ደህና መሆኗን ነገረችን፤ ግን «ሕፃን መጥባት ሲያቆም ንጋት አይጠበቅም። እንደዚያው ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ሌሊቱንም ቢሆን ኑ» ብላ አስጠነቀቀችን። ይህን የምንጽፈው ሌሎች ወጣት ወላጆች እኛ በፍርሃት የተማርነውን አስቀድመው እንዲያውቁት ነው።

ሐጃ ያደረጉት ነገር በሕክምናውም የታወቀ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ማሞቂያ መሣሪያ ያጠራቸው ሐኪሞች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን እናቶች ደረት ላይ ማስተኛት ጀመሩ። ዛሬ በብዙ አገሮች፣ በእኛም ሆስፒታሎች የሚሠራበት እንክብካቤ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሰውነቱን በደንብ ማሞቅ ገና አይችልም፤ ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። የተዘጋ ቤት ውስጥ ያለ ከሰል ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ እናትንም ልጅንም አንድ ላይ ይገድላል።

ስለዚህ እንደተወለደ ወዲያው ደረቅ አድርጎ ማበስና እናቱ ደረት ላይ ማድረግ፤ ገላውን ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላው አለማጠብ፤ ኮፍያና ካልሲ አለማጓደል፤ ሽንት የነካውን ጨርቅ ቶሎ መቀየር ያስፈልጋል።

ጡት በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ይጀመር። ቢጫው እንገር ቆሻሻ ነው ተብሎ የሚደፋበት ቤት ዛሬም አለ። እንገር ግን ከበሽታ የሚከላከል የልጁ የመጀመሪያ ሲሳይ ነው። እስከ ስድስት ወር ቅቤም፣ የስኳር ውኃም፣ የላም ወተትም አያስፈልገውም። እትብቱ ላይ ቅቤ ወይም አመድ አይደረግ፤ ጤና ባለሙያ ካዘዘው ቅባት ሌላ ምንም ሳይነካው ደርቆ ይውደቅ።

«ታዲያ ተሕኒክስ?» የሚል አይጠፋም። ተሕኒክ ሱና ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአቡ ሙሳን ልጅ ኢብራሂም ብለው ሰይመው በተምር ተሕኒክ እንዳደረጉለትና ዱዓ እንዳደረጉለት በሐዲስ ተዘግቧል። ይህ ግን ልጅን ተምር መመገብ አይደለም፤ በጣም የለሰለሰ ጥቂት ነገር ላንቃውን ማስነካት ነው። ጣት በሳሙና ይታጠብ፤ ጉንፋን ወይም የአፍ ቁስል ያለበት ሰው አያድርገው፤ የሚዋጥ ቁራጭ አይቅር። በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ሲታረድና ጸጉር ሲላጭም የደጋ ብርድ እንዳይረሳ። ምላጩ አዲስ ይሁን፤ እንደተላጨ ኮፍያው ወዲያው ይመለስ። እንግዳው ሁሉ ልጁን እየተቀባበለ ባይስመው ይመረጣል። ዱዓ በሩቁም ይደርሳል።

አባቶች ሆይ! አላህ በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ ስለ ሁለት ዓመት ጡት ማጥባት ሲናገር፣ እዚያው አንቀጽ ላይ የእናትየውን ምግብና ልብስ በአባት ላይ አድርጓል። ስለዚህ የጡቱ ጉዳይ የእሷ ብቻ አይደለም። ገንፎውን ማገንፋት፣ ጨርቅ ማጠብ፣ ሌሊት ተራ ወስዶ ልጁን ደረት ላይ ማሳደር የአባት ድርሻ ነው። የክትባቱን ቀን መቁጠርም እንዲሁ፤ ቢሲጂና ፖሊዮ ሲወለድ፣ ቀጥሎ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት።

እነዚህን ካያችሁ ደግሞ አትዘግዩ፦ መጥባት እምቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካተኮሰው ወይም ከቀዘቀዘ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ እትብቱ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ከዚያም ካለፈ ሮቤና ጎባ ሆስፒታል አለ። ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው።

ልጅ አማና ነው። ዛሬ ልጃችን ስትሮጥ ባየን ቁጥር ያች ሌሊት ትታወሰናለች፤ ለሐጃም ዱዓ እናደርጋለን። አላህ ልጆቻችንን ሷሊሕ ያድርግልን፤ የሚጠባበቁትንም በሰላም ያገላግልልን። አሚን።