ከመከታ ጋር በሱባ ጫካ

የምኖርበት ሰፈር ቤቴል ይባላል። እኛ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የምንኖር ሰዎች ይህን ስም በየማለዳው ከታክሲ ረዳት አፍ ስለምንሰማው፣ ከየት እንደ መጣ ማሰብ ትተናል። ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ሁሉ ግን ያስታውሰዋል፤ ያዕቆብ ከወንድሙ ሸሽቶ ሲሄድ ፀሐይ ጠልቃበት፣ ድንጋይ ተንተርሶ ከሜዳ ያደረበትን ስፍራ ነው ቤቴል ብሎ የሰየመው። እንግዲህ በሜዳ ማደር ለሰፈራችን ስም ባዕድ አይደለም። ግንብ አጥረን፣ በግንቡ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተክለን፣ በበሩ አጠገብ ውሻ አስረን ለምናድረው ለእኛ ግን ባዕድ ሆኖብናል።

የእኛ ውሻ መከታ ይባላል። ቡችላ ሳለ ያመጣሁት ለዘበኝነት ነበር። ቀን በሰንሰለት ይውላል፤ ሌሊት ተፈትቶ ግቢውን ሲዞር ያድራል። በአራት ዓመት ዕድሜው ውስጥ ከበሩ ውጭ የወጣበት ቀን በጣት የሚቈጠር ነው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ግን መከታን ዘበኛ ነው ብሎ አያምንም፤ ለእርሱ ታናሽ ወንድሙ ነው። ባለፈው ጥቅምት ከአንድ መምህር ወዳጄ ጋር በመናገሻ ሱባ ደን ድንኳን ተክለን አንድ ሌሊት ለማደር በተማከርን ጊዜ፣ ልጄ «መከታ ካልሄደ እኔም አልሄድም» ብሎ ቁርጡን ተናገረ። እኔም ነገሩ ቀላል መስሎኝ እሺ አልሁ። ለዚህ አሳቤ ከመጽሐፍ ምስክር አላጣሁለትም። ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ወደ ሜዶን አገር በተጓዘ ጊዜ ውሻው ተከትሎታል፤ የመጀመሪያዪቱንም ሌሊት ያደሩት በጤግሮስ ወንዝ ዳር ነው። ይህን ለመምህሩ ባስረዳው፣ «እነርሱ እኮ መልአክ አብሯቸው ነበረ» ሲል መለሰልኝ።

በመምህሩ መኪና ከቤቴል ወደ አየር ጤና ወርደን፣ በዓለም ገና በኩል ሰበታ ደርሰን፣ ከዚያም ወደ ወጨጫ ተራራ የሚወጣውን መንገድ ያዝን። ደኑን ያላየ ሰው ከአዲስ አበባ ይህን ያህል ቀርቦ እንዲህ ያለ ጫካ መኖሩን አያምንም። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥቶ እንዳስተከለው ይነገራል። ዛሬ ጥዱና ዝግባው ቀና ብለው ሲያዩት ባርኔጣ የሚጥል ነው። ከፍ ሲሉ ወይራው ቀርቶ ኮሶው ይመጣል፤ ከዚያም በላይ አስታው ይበዛል። ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን እያዘናፈሉ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው፣ ጠጕሩ የጠቈረው የአገራችን ድኩላ የሚኖረውም እዚያ ነው።

ድንኳናችንን ከአንድ ጅረት ዳር ተከልን። የሚመራን አንድ ሽማግሌ የአገሩ ሰው ነበሩ። ውሻውን ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ ውሻ ከገመድ እንዳይወጣ» አሉኝ። «አባባ፣ እርሱ እኮ የቤት ውሻ ነው፤ ሰውን አይነካም» አልኋቸው። «ለሰው አላልሁም» አሉና ጭራሮ መልቀም ቀጠሉ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልጄ መከታን ውሃ ሊያጠጣ ወደ ጅረቱ ወሰደው። እኔም የምሳችንን ትራፊ በማሞቅ ላይ ስለ ነበርሁ በዐይኔ ብቻ እከተላቸው ነበር። አንዲት ድኩላ ከወዲያ ማዶ ቍጥቋጦውን ገልጣ ብቅ አለች። መከታ ሲጮኽ አልሰማሁም፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። በግቢያችን ድመት ባለፈ ቍጥር ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ውሻ፣ ያን ጊዜ ድምፁን ሳያሰማ ገመዱን ከልጁ እጅ መንጥቆ ጅረቱን ተሻገረ፤ ጫካውም ዋጠው። የልጄ መዳፍ በገመዱ ተልጦ ደምቶ ነበር። ሽማግሌው ምንም አልተናገሩም። ባይናገሩኝም ፊቴ ቀላ።

እስኪጨልም ድረስ ተጣራን። ከጨለመ በኋላ ሽማግሌው «ነብርም ያለበት ጫካ ነውና ከዚህ ወዲያ ማንም አይሂድ» ብለው ከለከሉን። ልጄ ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ ወደ ድንኳን አልገባም አለ። ከሩቅ ጅብ በጮኸ ቍጥር ወደ እኔ ይመለከት ነበር፤ እኔም እሳቱን እቈሰቍስ ነበር።

ያን ሌሊት መምህሩ እንቅልፍ ለማባረር ይመስለኛል፣ ስለ ባሌ ተራሮች አወራልን። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ሁሉ ቢቈጠር አምስት መቶ አይሞላም። ይህንንም ጥቂት ነገድ በተደጋጋሚ የፈጀው ጥይት ሳይሆን ከእረኞች ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2003 በሽታው በዌብ ሸለቆ ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች አራት እጅ ተከፍለው ሦስቱን እጅ ያህል ጨረሳቸው። በሽታው ወደ ሌሎቹ ሸለቆዎች እንዳይሻገር ቀበሮዎቹን እያጠመዱ መከተብ ግድ ሆነ። ልጄ ይህን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ፣ «ጋሼ፣ መከታ ተከትቧል አይደል?» ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው መምህሩን ነው፤ መልሱ ግን የሚጠበቅብኝ ከእኔ ነበር።

እነሆ ነገሩን ሳልሸሽግ ልናገር። ቡችላ ሳለ አንድ ጊዜ ያስከተብሁት ይመስለኛል፤ በየዓመቱ አድሱ የተባልሁትን ግን «በሚቀጥለው ወር» እያልሁ አሳለፍሁት። ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤቴ ባለጕዳዮችን «ማስረጃ አምጡ» የምል ሰው፣ የገዛ ውሻዬን ወረቀት ከየትኛው መሳቢያ እንዳስቀመጥሁት አላውቅም ነበር።

መከታ ጎሕ ሲቀድ መጣ። ጭቃ ለብሶ፣ ገመዱ ተበጥሶ፣ ጅራቱን ከእግሮቹ መካከል ወሽቆ ነበር። ልጄ ሮጦ ዐቀፈው። ከዚያ በኋላ ነው በግራ ጆሮው ሥር የሁለት ጥርስ ምልክት ያየነው፤ ደሙ ገና ትኵስ ነበር። የነከሰው ቀበሮ ይሁን የመንደር ውሻ ማን ያውቃል? ልጄ በተላጠው መዳፉ አንገቱን ይዞታል። እኔ ያደረግሁት አንድ የረባ ነገር ቢኖር የልጄን እጅና የራሴን ከጀሪካን በቀዳሁት ውሃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል ማሸቴ ነው። ይህንንም ቢሆን መምህሩ ሰዓቱን እያየ «ገና ነው» ባይለኝ ኖሮ ፈጥኜ በጨረስሁ ነበር።

በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ልጄና እኔ በዐሥራ አራት ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ተወጋን። ልጄ ሲወጋ አላለቀሰም። የቀድሞ ሰዎች ከበግ ናላ ይዘጋጅ የነበረውን መድኀኒት ለብዙ ቀናት በሆዳቸው ላይ ይወጉ እንደ ነበር ብነግረው፣ ክንዱን እያየ ፈገግ አለ። ሉዊ ፓስተር በፈረንጆች 1885 ክትባቱን የሰጠው፣ ያበደ ውሻ የነከሰው ልጅ ዮሴፍ ማይስተርም እንደ እርሱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንደ ነበረ ነገርሁት። ያልነገርሁት ነገር ቢኖር፣ በሽታው ከቍስሉ ተነሥቶ በጅማት በኩል ወደ ናላ እንደሚጓዝና ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ የሚድን ሰው የለም ለማለት ጥቂት እንደሚቀር ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ ጥያቄ አጭር ነበረ፤ «የክትባት ወረቀት አለው?» የለም። «እንግዲያውስ እንዳልተከተበ ነው የምቈጥረው። ወይ ዛሬውኑ ይገደል፤ ወይ ተከትቦ፣ ከሰውና ከእንስሳ ተለይቶ፣ አራት ወር ይጠበቅ።» ባለቤቴ «ልጅ ይበልጣል» አለች፤ የተናገረችው እውነት ነው፤ ዛሬም እውነት ነው። እኔ ግን ለአራት ዓመት በሰንሰለት አስሬ ቤቴን ያስጠበቅሁትን፣ ስንፍናዬ ለዚህ ያደረሰውን ፍጥረት በዚያው ቀን ለማስገደል አልቻልሁም። ትክክል አድርጌ እንደ ሆነ ገና አላወቅሁም። ከጓሮ የብረት ፍርግርግ አሠራሁ፤ ምግቡን የማቀርብለት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሳህኑን የምገፋውም በእንጨት ነው። በየጧቱም ውሃ መጠጣቱን፣ ምራቁ አለመዝረክረኩን፣ ድምፁ አለመለወጡን ቆሜ እመለከታለሁ።

ልጄ ከፍርግርጉ አራት እርምጃ ርቆ በጠመኔ መስመር አስምሯል። ከመስመሩ አያልፍም። በግድግዳውም ላይ በየቀኑ አንድ ጭረት ይጨምራል። ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ በመስመሩ ላይ ተቀምጦ ለመከታ የቤት ሥራውን ሲያነብለት አገኘሁት። ጭረቶቹን ቈጠርኋቸው፤ ዘጠና አንድ ሆነዋል።