የእማዬ ገመድ በኮርነርስቶን

ኮርነርስቶን በአማርኛ «የማዕዘን ድንጋይ» ማለት ነው። በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ከኤርፖርቱ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ አዲስ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ተጠጋግተው ተሠርተዋል። ዛፎቹ ገና ትንንሽ ስለሆኑ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም። ካልጋሪ ውስጥ የመንገድ ስም ብዙ ጊዜ በሰፈሩ ስም ስለሚጀምር፣ እኛ ጋ መንገዱ ሁሉ «ኮርነር» ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣች ሰሞን ብቻዋን ወጥታ መንገድ ጠፋባት። ስናገኛት፣ «ልጄ፣ ሁሉም ማዕዘን ከሆነ ሰው በየት በኩል ይታጠፋል?» አለችኝ።

እማዬ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አትችልም። በመጣች በሦስተኛው ቀን የቤቱን ልብስ ማጠብ ተረከበችን። ማጠቢያ ማሽኑን ወደደችው፤ ማድረቂያውን ግን አላመነችውም። «ይሄ ልብስ ይጨርሳል» አለች። አልተሳሳተችም። ከማድረቂያው ማጣሪያ ላይ የምናነሳው ብናኝ ከልብሳችን የረገፈ ክር ነው። ነጠላና ጋቢማ ጥጥ ስለሆኑ በኃይለኛ ሙቀት ይሰበሰባሉ።

መጀመሪያ ጓሮ ለማስጣት ሞከረች። ኅዳር ነበር፤ ሸሚዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጄ ሸሚዙን እጁን ይዛ ስታስጨፍረው ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ እማዬ ቤዝመንት ባለችው ትንሽ መኝታ ክፍሏ ውስጥ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ወጠረች።

እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ክረምት ሲባል ዝናብ ነው። ካልጋሪ ግን ክረምት ሲባል በረዶና ደረቅ አየር ነው። ከንፈር ይሰነጠቃል፤ ልጄን ሌሊት ሌሊት ይነስራት ነበር። ገመዱ ከተወጠረ ወዲህ ነስሩ ቀነሰላት። «አያችሁ!» አለች እማዬ።

በጥር ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ገባ። የእማዬን ክፍል መስኮት አላበው፤ ከታች በኩል ውሃው በረዶ ሠራ። አንድ ቀን ሻንጣዋን ከግድግዳው ሳነሳ፣ ከኋላው ጥቋቁር ነጠብጣብ አየሁ። ሻጋታ ነበር። ሻንጣውን ስከፍተው ለልጄ ብላ ራሷ ፈትላ ያሠራችው ጋቢ አለ። ጋቢ ድርብርብ ስለሆነ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። እሷ ላዩን ዳስሳ አጥፋ አስቀምጣው ነበር፤ እጥፋቱ ላይ ሻግቷል። ለካ ሌሊት እንደሚያስላት ደብቃን ኖሯል።

ደነገጥኩ፤ ድንጋጤዬም ቁጣ ሆኖ ወጣ። «ሁለተኛ እዚህ ቤት ልብስ እንዳታሰጪ!» አልኳት።

ምንም አልመለሰችልኝም። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳሎን ተቀምጣ አገኘኋት። «እንግዲህ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለች ቀስ ብላ። «ትኬቴን ወደፊት አምጣልኝ።»

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ፕሮግራም ሲበላሽ መለካት እንጀምራለን፤ ሰው መውቀስ ነውር ነው። ቤቴ ውስጥ ግን ሳልለካ እናቴን ወቀስኩ። ይህን ይዤ ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልኩ።

ማታ ሁላችንም የምናውቃትን የሻንጣ ሚዛን አወጣሁ፤ አገር ቤት ስንሄድ 23 ኪሎ እንዳያልፍብን የምንመዝንባትን። አንድ ቅርጫት ልብስ ከማጠቢያው እንደወጣ መዘንኩ፤ ሲደርቅ እንደገና መዘንኩት። ልዩነቱ ሁለት ኪሎ ገደማ ሆነ። አንድ ኪሎ ውሃ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ በአንድ እጥበት ብቻ ሁለት ሊትር ውሃ ወደ ክፍሏ አየር ይገባል ማለት ነው። እማዬ ደግሞ ልብሱ አቧራ እንዳይነካው በሩን ትዘጋ ነበር።

ቀጥሎ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዛሁ። ሳሎን 34 በመቶ አለ፤ የእሷ ክፍል 68። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሙቀት ኖሮት እርጥበቱ 68 በመቶ ከሆነ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት 14 ዲግሪ የሆነ ግድግዳ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። ጠዋት ሣር ላይ እንደምናየው ጤዛ ማለት ነው። ውጭ እንዲያ ሲቀዘቅዝ፣ ከሻንጣ ጀርባ ሙቀት የማይደርሰው ግድግዳ በቀላሉ ከዚያ በታች ይወርዳል። እርጥበቱ 35 ከሆነ ግን ግድግዳው እስከ 4 ዲግሪ ገደማ ቢወርድም አያልበውም። የአገሩ ጤና መሥሪያ ቤት፣ ሄልዝ ካናዳ፣ በብርድ ወራት 30 በመቶ፣ በበጋ 50 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ይመክራል።

ያኔ ስዊድን ማስተርሴን ስማር የኖርኩበት የተማሪዎች ሕንፃ ትዝ አለኝ። እዚያ ልብስ የሚሰጣበት ልዩ ክፍል ነበር። ማሞቂያ አለው፤ ፋን አለው፤ እርጥቡን አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦም አለው። ስዊድኖችም እንደ እማዬ ልብስ ቤት ውስጥ ያሰጣሉ። እነሱ ግን ውሃው በየት እንደሚወጣ አስቀድመው አስበውበታል።

አዲስ አበባ ሐምሌ ላይ ልብስ በረንዳ ላይ እናሰጣለን፤ አብዛኛው ቤትም በየቀዳዳው ይተነፍሳል። የኮርነርስቶን ቤት ግን ሙቀት እንዳያመልጥ እንደ ጠርሙስ ተከድኗል። ውሃው መውጫ የሚያገኘው እኛ ስንሰጠው ነው።

እማዬን ይቅርታ ጠየቅኋት። «ጥፋቱ የገመዱ አይደለም፤ የቦታው ነው» ብዬ ቁጥሮቹን አሳየኋት። ከዚያ አብረን ሠራን። ነጠብጣቡ ከአንድ ካሬ ሜትር በጣም ያነሰ ስለነበር ጓንትና ጭምብል አድርጌ በሳህን ማጠቢያ ሳሙናና በውሃ አጸዳሁት፤ በረኪና አላስፈለገም። አልጋውንና ሻንጣውን ከግድግዳው አራቅን። ማስጫውን ከመታጠቢያ ቤቱ አየር ማውጫ አጠገብ አደረግነው፤ ልብሱ እስኪደርቅ ፋኑ አይጠፋም። በልብስና በልብስ መካከል ክፍተት እንተዋለን። በአንድ ቀን አንድ እጥበት ብቻ፤ ከባድ ልብስ ሲሆን ማሽኑ ሁለቴ ይጨምቀዋል። በብርድ ወራት የውጭው አየር በጣም ደረቅ ስለሆነ፣ መስኮት ለጥቂት ደቂቃ መክፈትም ብዙ ይረዳል። ለሳሏ ሐኪም ጋ ወሰድኳት፤ ቀስ በቀስ ተሻላት።

መለኪያውን የመጠበቅ ሥራ የእማዬ ሆነ። ሆኖም የቁጥሩ መስኮት ለዓይኗ ስለሚደክማት ልጄን አንባቢ አደረገቻት። ልጄ በየጠዋቱ ትሮጥና፣ «እማማ፣ እርቲበት ሠላሳ ስድስት!» ትላለች። እማዬም፣ «እርጥበት በይ፤ ጥ!» እያለች ታርማታለች። ከ40 ካለፈ ገመዱ ላይ አዲስ ልብስ አይወጣም።

በየካቲት ቺኑክ መጣ። ቺኑክ ከሮኪ ተራሮች የሚወርድ ሞቃትና ደረቅ ነፋስ ነው። ጠዋት ከዜሮ በታች የነበረው አየር ከሰዓት በኋላ 9 ዲግሪ ሆነ። እማዬ ያን ጋቢ እንደገና አጥባ ጓሮ አሰጣችው። በርጩማ አውጥታ፣ ስጥ እንደምትጠብቅ አጠገቡ ተቀመጠች። እጥፋቱ ላይ ጭላጭ የምታህል ምልክት ቀርታለች፤ ልጄ ግን እሱን ለብሳ ትተኛለች።

ትኬቱ ወደፊት አልመጣም። እማዬ የተመለሰችው በቀኗ፣ በሚያዝያ ነው። አሁንም ስትደውል ከሰላምታ በኋላ ልጄን አስቀርባ ትጠይቃታለች፦ «ዛሬ ስንት ነው?»