ከጣርማ በር እስከ ቀወት፦ ስለ እንጉዳይና ስለ ኩይሳ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የደሴን መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጣርማ በር ሲደርስ ኢጣልያኖች ባስፈለፈሉት ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ደብረ ሲና ታልፋለች፤ ጋቢው ከትከሻ ይነሣል። 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ወርዷል፤ ጽድና ኮሶ በላይ ቀርተው ግራር ብቻ ነው የሚታየው። ይህ ቀወት ነው፤ የይፋት ቆላ።

ውድ አንባቢያን፣ በክረምት መግቢያ ይህን መንገድ የሚሄድ ሰው ዐይኑን ከገደሉ መልሶ ወደ መሬት ቢጥል፣ ከዝናብ በኋላ በድንገት ብቅ የሚለውን እንጉዳይ ይመለከታል። በደጋው ቤት ስሙ «የጅብ ጥላ» ነው። እናቶቻችን ልጆቻቸውን «እንዳትነኩት!» ይላሉ፤ ደግም ያደርጋሉ፤ ከእንጉዳይ ወገን ሰው የሚገድል አለና፣ መርዙም በመቀቀል የማይለቅ አለና። ነገር ግን የሚፈራ ነገር አይጠየቅም፤ ያልተጠየቀውም ሲጠፋ አይታወቅም። በደቡብ ምዕራብ ያሉት መዠንግሮች ግን የሚበላውን ከማይበላው ለይተው፣ በየስሙ ጠርተው ይመገቡታል። ለጾም ወራት የሚስማማ ምግብ ሆኖ ሳለ፣ ሰባቱን አጽዋማት የሚጠብቀው የደጋ ቤት ሳያውቀው መቅረቱ ያስገርማል።

በቆላ ያለው እንጉዳይ ታሪኩ ከምስጥ ጋር የተያያዘ ነው። በአፍሪካ ትልልቅ ኩይሳ ከሚሠሩት ምስጦች ብዙዎቹ ገበሬዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደረቅ እንጨትና ሣር በልተው፣ ከሆዳቸው በሚወጣው ነገር ከመሬት በታች እንደ ሰፍነግ የተበሳሳ አልጋ ያበጃሉ፤ በዚያም ላይ አንድ ዓይነት ፈንገስ ያበቅላሉ። ፈንገሱ ምስጡ ብቻውን ሊፈጨው የማይችለውን እንጨት ያላላለታል፤ ምስጡም ከአልጋው መልሶ ይመገባል። ዝናብ መሬቱን ባራሰ ጊዜ ከዚያ ከጥልቁ አልጋ ረጅም ሥር መሰል ግንድ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣና ጥላውን ይዘረጋል። ይህ እንጉዳይ ከምስጡ አልጋ በቀር ሌላ ማደሪያ የለውም፤ ኩይሳው በሞተ ጊዜ እርሱም አብሮ ይሞታል።

እንግዲህ በቀወት መንገድ ዳር ተደርድሮ ገዢ የሚጠብቀው የከሰል ጆንያ የእንጉዳይም ጉዳይ ነው። ግራሩ ሲከስል ለምስጡ የሚወድቅ ቅርንጫፍ ያንሳል፤ ምስጡም ወደ ማሳና ወደ ቤት ማገር ይዞራል። ያን ጊዜ ገበሬው ኩይሳውን ያፈርሳል፣ መርዝም ያፈስሳል፤ በወለጋ ይህ ትግል ብዙ ዘመን የቆየ ነው። ሰብሉ የተበላበትን ሰው በዚህ መውቀስ አይቻልም። ቢሆንም ከኩይሳው ጋር ምን እንደሚሄድ ማወቅ ይገባል።

ለእንስሳትና ለዕፅዋት የመጥፋት ደረጃ የሚሰጠው የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ፣ ፈንገሶችን ዘግይቶ ነው ያስታወሳቸው። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ2006 በኢጣልያ በሲሲሊ ተራሮች የሚበቅል፣ ለምግብ የሚፈለግ ነጭ እንጉዳይ ወደ መዝገቡ ገባ፤ ሰው እየለቀመው ቁጥሩ ከ250 በታች ወርዶ ነበርና በመጨረሻው የአደጋ ደረጃ ተመደበ። በመጋቢት 2025 የተመዘኑት ፈንገሶች 1,300 ደረሱ፤ ከእነርሱም ቢያንስ 411 የመጥፋት አደጋ ያለባቸው ሆነው ተገኙ። በሳይንስ ስም የተሰጣቸው ፈንገሶች ግን ከ150,000 ይበልጣሉ። ስለዚህ ከመቶው አንዱ እንኳ አልተመዘነም ማለት ነው፤ በመዝገቡ አለመገኘትም ደኅንነት ማለት አይደለም።

ከቀወት በላይ፣ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል በገደሉ አፋፍ ላይ የተንጣለለው የወፍ ዋሻ ደን አለ። የመናገሻ ሱባ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ከዚህ በመጣ ዘር እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገራል። በዚያ ያሉት ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ሥራቸው ከፈንገስ ጋር ቢተባበርም፣ ያ ፈንገስ ጥላ የማያወጣ፣ በዐይን የማይታይ ነው። በሀገር በቀል ደን የምናያቸው እንጉዳዮች በአብዛኛው ከወደቀ ግንድና ከበሰበሰ ቅጠል የሚኖሩ ናቸው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባው ባሕር ዛፍ ሥርና ከፈረንጅ ጥድ ሥር የሚበቅሉት ብዙዎቹ ግን ከዛፉ ጋር ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች ናቸው። ደን ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ በተተካበት ቦታ እንጉዳይ ያየ ሰው «አልጠፋም» ቢል፣ ያየው ሌላ ነው።

በ2021 የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ ስላሉት እንጉዳዮች ታትሟል፤ በዙሪያው ያለው መሬት ታርሶ ባለቀበት ሀገር፣ የሀገር በቀል ዛፍ ጥላ የቀረው በአጸዱ ውስጥ ነውና። በአጸዱም ቢሆን ሁሉ ቦታ አንድ አይደለም። በአንዱ ደብር የወደቀው ወይራ ለማገዶ ተፈልጦ፣ ቅጠሉም ለበዓሉ ተጠርጎ መሬቱ ባዶ ሆኗል፤ በሌላው «የታቦቱ ነው» ተብሎ ማንም ሳይነካው በወደቀበት ይበሰብሳል፤ በጎኑም ላይ ሐምሌ ሲገባ እንደ ጆሮ የሳሳ እንጉዳይ በተርታ ይወጣበታል።