ስም ማውጣትና ቦታ መቀየር

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ ሁለቱ ሌየሮች አልገጥም አሉኝ፤ አንዱን በእጄ ጎትቼ ባስተካክለውስ?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ረዘም ስለሚል ለሁላችሁም እዚህ ጻፍኩት። የራሴም ጥፋት አለበት።

ከዓመታት በፊት ነው። ለአንድ የመንገድ ሥራ ካሳ የሚገባቸውን ባለይዞታዎች የሚለይ ካርታ እሠራ ነበር። የይዞታዎቹ ሼፕፋይል የመጣልኝ በምን ሥርዓት እንደተለካ የሚናገረው ፋይል ጎድሎት ነው። ቁጥሮቹ የዩቲኤም ይመስላሉ፣ ዞናችን 37 ነው፤ በቃ "ደብሊውጂኤስ 84" ብዬ አለፍኩ። የመንገዱን መስመር ደረብኩበት፣ የነካቸውን ይዞታዎች ዝርዝር አወጣሁ። ሶፍትዌሩ ትንፍሽ አላለም።

መስክ ስንወጣ አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ አስቆሙኝ። "ልጄ፣ ችካሉ የተተከለው ጓሮዬ ውስጥ ነው። ስሜ ግን የለም አሉኝ።"

"እማማ፣ ዝርዝሩን ያወጣው እኮ ኮምፒውተር ነው" አልኳቸው።

"እሱ እዚህ መጥቶ ያውቃል?"

መልስ አጣሁ። ጂፒኤሴን አውጥቼ በራቸው ላይ ነጥብ ወሰድኩ። ካርታዬ ላይ ቤታቸው ከቆምንበት ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሽቶ ተቀምጧል። ስለካው ወደ ምሥራቅ 95 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ ከ200 ሜትር ትንሽ በለጥ ይጎድለዋል። በአገራችን ካርታ የሠራ ሰው ይህቺን ልዩነት ያውቃታል። አዲንዳን ናት!

የድሮ ካርታዎቻችን የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም ነው። ስሙ የተወሰደው ደቡብ ግብፅ፣ ሱዳን ድንበር አጠገብ ካለ የልኬት መነሻ ነጥብ ነው። የምድርን ቅርጽ የሚወስደውም ከክላርክ 1880 ስሌት ነው። ጂፒኤስ ግን የሚሠራው በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ስለዚህ ያው አንድ በር በሁለቱ ሥርዓቶች ሁለት የተለያየ ቁጥር አለው።

ልብ በሉ፣ ሶፍትዌሩ ውስጥ ሁለት የሚምታቱ ትእዛዞች አሉ። አንደኛው ሌየሩ በምን ሥርዓት እንደተለካ ብቻ ይመዘግባል፤ ቁጥሮቹን አይነካም። ሁለተኛው እያንዳንዱን ነጥብ አስልቶ ወደ ሌላ ሥርዓት ይወስዳል። እኔ የሠራሁት የመጀመሪያውን ነው፤ እሱንም በተሳሳተ ስም። ማድረግ የነበረብኝ በቅድሚያ እውነተኛ ስሙን መስጠት (አዲንዳን ዩቲኤም 37 ሰሜን፣ ኮዱ 20137)፣ ከዚያ ወደ 32637 ቀይሬ እንደ አዲስ ፋይል ማስቀመጥ ነበር። የዳተም ትራንስፎርሜሽን ምርጫ ሲመጣም ለኢትዮጵያ የተዘጋጀውን መያዝ።

በእጅ መጎተትስ? አይሆንም። ልዩነቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እዚህ የገጠመው እዚያ ይዛነፋል። ከአንቺ በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ሰውም ምን እንዳደረግሽ አያውቅም።

ዝርዝሩ ክፍያ ሳይጀመር ታረመ። የእማማ ስም ገባ። መንገዱ ሳይነካቸው ስማቸው ገብቶ የነበሩ ሰዎች ደግሞ ወጡ፤ ተስፋ አድርገው ነበርና ፊታቸው ቆሜ "ስህተቱ የኔ ነው" ማለት ከሁሉ ከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ የማውቀውን ነገር፣ ድልድይም ይሁን የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ በጂፒኤስ ሳላመሳክር ዝርዝር አላወጣም። እናንተም ሌየራችሁ አልገጥም ሲል አመስግኑት፤ የኔው ዝም ብሎኝ ነበር።