ከጭላሎ ጀርባ ያለው ተማሪም ይስማ

አሰላና አካባቢዋን የምታውቁ፣ በተለይ መምህራን የሆናችሁ፣ ይህን ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ለአካባቢያችን የትምህርት ሬዲዮ ይኑረን ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው የማሰራጫው ዋጋ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ትምህርቱን ማን እንደሚያዘጋጅ ነው።

የድሮውን የትምህርት በሬዲዮ አስታውሱት። መምህሯ ሬዲዮኑን ጠረጴዛው ላይ ታቆማለች። ከውስጡ የሚወጣው ድምፅ ይጠይቅና ዝም ይላል፤ በዚያች ክፍተት ክፍሉ በሙሉ አብሮ ይመልሳል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣና ጥቂት ቀን ይገፋል። ሬዲዮኑ ቢበላሽ የሰፈር ጠጋኝ አያጣም፤ መምህሯም ከመሃል አልወጣችም።

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ለሁለተኛ ደረጃ የመጣው ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት የዚህ ተቃራኒ ሆነ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ በሳተላይት ይወርድ ነበር። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አይጠብቀውም ነበር፤ መምህሩም ሊያስቆመው አይችልም ነበር። ለገጠር ልጅ ደህና የፊዚክስ ትምህርት ማድረስ የሚያስመሰግን ዓላማ ነበር። መምህሩን ተመልካች ማድረጉ ነው የጎዳን።

ወደ አርሲ ስንመጣ ተራራውም ይጨመራል። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ጭላሎን ዞሮ አይወርድም። አሰላ ላይ የተተከለ ምሰሶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ አቅጣጫ ይደርስ ይሆናል፤ ከተራራው ሰንሰለት ወዲያ ያሉት ጢቾና ሮቤ ግን ይቀርባቸዋል። ስለዚህ ከአንድ ትልቅ ጣቢያ ይልቅ ብዙ ትንንሾች ይሻሉናል። የማህበረሰብ ሬዲዮ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ተፈቅዷል፤ ጅማና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ከፍተውታል። አሰላም ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት።

ሬዲዮ ለማይደርስበት ደግሞ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር አለች። ሚሞሪ ካርድ ይገባባታል፤ እንደ ኪዊክስና ኮሊብሪ ያሉ ነፃ ሶፍትዌሮች ይጫኑባታል። ያለ ኢንተርኔት ራሷ ዋይፋይ ትለቃለች። ተማሪው በስልኩ ተገናኝቶ ያነባል፣ ቪዲዮ ያያል። አነስተኛ የፀሐይ ኃይል ይበቃታል።

ነገር ግን ያቺ ካርድ የምትሞላው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ያለው ጥቂት ነው፣ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ክፍልፋይን በስንዴ ኩንታል የሚያስረዳ የበቆጂ መምህር ድምፅ ከየትም አይወርድም፤ እዚሁ መቀዳት አለበት። ለመቅጃ ስልክ ይበቃል። መምህሩ የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ክፍል፣ ከሳምንቱ የሚቀነስለት ጥቂት ክፍለ ጊዜና አበል ነው። ፕሮጀክት ሲጻፍ ግን በጀቱ በዕቃ ይሞላል፣ ለመምህሩ ጊዜ ቦታ አይተርፍም። ይሄ ያናድደኛል። በ1960ዎቹ እዚሁ ጭላሎ አውራጃ ውስጥ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስተዋውቅ አርአያ ገበሬዎችን ይዞ ነበር። ገበሬው የሚያውቀውን ሰው ማሳ አይቶ ነው የሚያምነው፤ ተማሪም የሚያውቀውን መምህር ቢሰማ ይቀለዋል።

ሳጉሬ፣ ኢተያ፣ ሁሩታና በቆጂ ያላችሁ መምህራን፣ ተማሪ ሁልጊዜ የሚቸገርበትን አንድ ርዕስ መርጣችሁ በአሥር ደቂቃ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ቅዱልን። ክረምት ላይ ከዩኒቨርሲቲ የምትመለሱ ልጆች ካርዱን ሞልታችሁ ለየትምህርት ቤቱ አድርሱ። ውጭ አገር ያላችሁ የአሰላ ልጆች ደግሞ ኮምፒውተር ጭናችሁ ከመላካችሁ በፊት የአንድ መምህርን የአንድ ሴሚስተር አበል ቻሉ።