የውጫሌው ፑል ቤትና የልጁ መነጽር

ባለፈው ጥቅምት ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ወደ ውጫሌ ሄጄ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ አድሬ በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ወልድያ አቅጣጫ ቀጠልኩ። ሐይቅ ከተማን ካለፍን በኋላ በስተ ግራ በኩል የአምባሰል ተራሮች መጡ። ጥቅምት ላይ ወሎን ያየ ሰው አይረሳትም። ማሽላው ራሱን ደፍቷል፣ ጤፉ ወደ ቢጫ ሊለወጥ ነው፣ ሰማዩ ደግሞ የታጠበ ይመስላል።

ወሎን የማውቃት በሥራ ነው። በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ገና ብዙም ሳልቆይ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ እዚያ ነበርኩ። በቫይታሚን ኤ እጥረት ዓይናቸው የጠፋ ሕፃናትን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ሕፃን ልጅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ዓይኑን ማየት ልማዴ ሆነ። ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ልማዱ ግን አልለቀቀኝም። የዛሬው ጨዋታዬም ከዚሁ ልማድ ጋር የተያያዘ ነው።

እህቴ የልጅ ልጇን ታሳድጋለች። እናቱ ዓረብ አገር ናት። ልጁ 14 ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ቤት ስገባ አልነበረም። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እህቴ ምሥጢሯን አወጣች።

«ትምህርቱን ትቶታል ማለት ይቻላል። ደብተሩን ይዞ ይወጣል፣ የሚውለው ግን ፑል ቤት ነው። እናቱ በስልክ ‹ልጄ እንዴት ነው?› ስትለኝ ምን ልበላት? አንቺው ሂጂና አውጪልኝ፤ እኔን አልሰማ ብሏል።»

ፑል ቤቱ ሩቅ አልነበረም። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ደጁ ላይ ሕፃናት ጆተኒ ይመታሉ፤ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ። የተሸነፈ የጠረጴዛውን ይከፍላል፤ ደንቡ ይኸው ነው። እንደኔ ያለች አሮጊት በሩ ላይ ስትቆም ጨዋታው ቀጥ አለ። ባለቤቱ ወጣት ነው፤ እህቴ ስለኔ ሳትነግረው አልቀረችም።

«ይግቡ ሲስተር፣ አብሽሩ! ልጁ ጨዋ ነው» አለኝና ወንበር አቀረበልኝ።

ልጁን ጆሮውን ይዤ ላወጣው ነበር የሄድኩት። ተቀምጬ ማየት ስጀምር ግን የነርስነት ዓይኔ ሌላ ነገር ያዘ። አጠገቡ ያለችውን ኳስ ሲመታ አይስትም፤ እጁ የተረጋጋ ነው። ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለችውን ሲያነጣጥር ግን ዓይኑን ጨፈን ጨፈን ያደርጋል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ከዚያም ይስታል። አንዴ ደግሞ ጓደኛውን በሹክሹክታ «ያቺ ስንት ቁጥር ናት?» ሲለው ሰማሁ። ኳሷ ከሁለት ሜትር አትርቅም ነበር።

ማታ ከራት በኋላ በካርቶን ላይ ትልልቅና ትንንሽ ፊደሎች ጻፍኩ። ግቢ ውስጥ በደንብ ብርሃን ያለበት ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ስድስት ሜትር ያህል ለካሁና አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ እንዲያነብ አደረግሁት። የላይኛዋን ፊደል አነበበ፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ጠፋበት።

«ክፍል ውስጥ የት ነው የምትቀመጠው?» አልኩት።

«ኋላ። ረጅም ስለሆንኩ።»

«ሰሌዳው ይታይሃል?»

ዝም አለ። ቆይቶ «እማማ፣ ሰነፍ ነህ ከሚሉኝ ባልሄድ ይሻላል ብዬ ነው። ፑል ቤት ማንም ተነሥተህ አንብብ አይለኝም» አለኝ። እህቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

በማግስቱ ይዤው ወደ ደሴ ተመለስኩ። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለው። በምርመራው ሁለቱም ዓይኖቹ ቅርብ እንጂ ሩቅ እንደማያዩ ታወቀ። መነጽሩ እስኪዘጋጅ ደሴ ማደር ነበረብን። ችግሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ገና መጀመሩ ነው።

«አላደርገውም» አለ። «አራት ዓይና ይሉኛል። ደግሞ ፑል ተጫዋች መነጽር አያደርግም።»

ለመጀመሪያው መልስ ነበረኝ። በቤተ ክህነት ትምህርት አራት ዓይና የሚባለው አራቱን ጉባኤ የጠነቀቀ ሊቅ ነው። ከውጫሌ ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መነኮሳት የተማሩባት ምድር ልጅ በዚህ ስም ሊኮራ እንጂ ሊያፍር አይገባውም አልኩት። ለሁለተኛው ግን መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ በእንግዳ ማረፊያው ክፍል ተቀምጬ መነጽሬን አድርጌ ስልኬ ላይ ስለዚህ ጨዋታ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እያነበብኩ ነገርኩት፤ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ጨዋታው ብዙ ዓይነት ነው። እኛ በወጣትነታችን ከረንቡላ እንለው የነበረው ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ አንዷ ኳስ ሌሎቹን ስትነካ ማለት ነው። እንግሊዞች ቢሊያርድ የሚሉት በሦስት ኳስ ብቻ የሚጫወቱት ሲሆን ኳስን በኳስ መንካትም፣ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባትም ነጥብ ያሰጣል። ስኑከር የሚባለው ደግሞ በ1875 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ በነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች እንደተጀመረ ይነገራል። 15 ቀይ ኳሶችና 6 ባለ ቀለም ኳሶች አሉት። ጠረጴዛው ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል። እንግዲህ ሩቅ የማያይ ሰው እዚህ ላይ ምን ይሁን?

በዚህ ሙያ የታወቁ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ጆ ዴቪስና ፍሬድ ዴቪስ። አባታቸው እንግሊዝ አገር ቼስተርፊልድ አጠገብ መጠጥ ቤት ነበራቸው። ልጆቹ ጨዋታውን የለመዱት እዚያ መጠጥ ቤት ውስጥ በነበረው ጠረጴዛ ነው። ጆ የበኩር ልጅ ነው፤ በ1901 ተወለደ። ፍሬድ የመጨረሻ ነው፤ በ1913 ተወለደ። የመጀመሪያው የዓለም የስኑከር ሻምፒዮና በ1927 ሲካሄድ ያሸነፈው ጆ ነው፤ ያገኘው ገንዘብ 6 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ብቻ ነበር። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1946 ድረስ በጠቅላላው 15 ጊዜ ዋንጫውን ወስዶ ሳይሸነፍ ከሻምፒዮናው ተሰናበተ።

ታናሽየው ፍሬድ በ1929 ገና ጎረምሳ ሳለ በቢሊያርድ ባለሙያ ተጫዋች ሆነ። በ1937 ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም የስኑከር ሻምፒዮና ሲቀርብ ግን ብዙም ስም ባልነበረው ተጫዋች 17 ለ14 ተሸነፈ። ታላቅ ወንድሙም ክፉኛ ተቆጣው። ችግሩ ስንፍና አልነበረም፤ ዓይኑ እየደከመ ነበር፤ እሱ ግን ለመቀበል አልፈለገም።

እዚህ ስደርስ ልጁ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ከዚያስ?» አለኝ።

ከዚያማ ፍሬድ ወደ መነጽር ባለሙያ ሄደ። ተራ መነጽር ለዚህ ጨዋታ አይመችም፤ ተጫዋቹ አገጩን ወደ ዱላው ዝቅ አድርጎ ቀና ብሎ ሲያይ በመስታወቱ ሳይሆን ከክፈፉ በላይ ይመለከታልና። ስለዚህ መስታወቱ እንደ በር ማጠፊያ ወደ ላይ የሚዘነበል ልዩ መነጽር ተሠራለት። በ1940 የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ወንድማማቾቹ ተገናኙ፤ ጆ ያሸነፈው 37 ለ36 ነው፤ በአንድ ብቻ! ከ1948 እስከ 1956 ባለው ጊዜ ደግሞ ፍሬድ 8 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

የሙያው ሕይወት ግን ሁልጊዜ ፋሲካ አልነበረም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጨዋታው ተመልካች አጣ፤ ሻምፒዮናውም ለዓመታት ተቋረጠ። ፍሬድ በዌልስ የባሕር ዳር ከተማ ሆቴል ነበረው፤ ዱላውን ብቻ ይዞ የሚኖር ሰው አልነበረም። ይህን አስምሬ ነገርኩት፦ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሰው እንኳ ሌላ መተዳደሪያ አስፈልጎታል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በቀለም ማሳየት ሲጀምር የኳሶቹ ቀለም ለስክሪኑ ተስማማና ጨዋታው እንደገና ነፍስ ዘራ። ፍሬድም ልብ ሕመም ጥሎት ከተነሣ በኋላ በ1978 በ64 ዓመቱ ለዓለም ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ያን ጨዋታ ቁጭ ብሎ ሲመለከት የነበረው ታላቅ ወንድሙ ጆ እዚያው ታመመ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይም አረፈ። ፍሬድ በ1980፣ በ66 ዓመቱ፣ የዓለም የቢሊያርድ ሻምፒዮን ሆነ። ከጨዋታ የተሰናበተው በ1993 ነው፤ 80 ዓመት ሊሞላው ሲል።

በመነጽር ያሸነፈውም እሱ ብቻ አይደለም። በ1985 የዓለም ፍጻሜ ዴኒስ ቴይለር የተባለ የሰሜን አየርላንድ ተጫዋች የተገለበጠ የሚመስል ትልቅ መነጽር አድርጎ ስቲቭ ዴቪስን 18 ለ17 የረታው በመጨረሻዋ ጥቁር ኳስ ነው። ስቲቭ ከወንድማማቾቹ ጋር ዝምድና የለውም፤ ስሙ ብቻ ነው የተገጣጠመው።

ልጁ ብዙ ቆየና «ወንድሙ ሲቆጣው ለምን አላይም አላለውም?» አለኝ።

«አንተስ ለአያትህ ለምን አልነገርክም?» አልኩት። ሳቀ። ውጫሌ ከገባሁ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

መነጽሩን ተቀብለን ወደ ውጫሌ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። የአምባሰል ተራሮች ሲመጡ ክንዴን ያዘኝ። «እማማ፣ ገደሉ ላይ ዛፍ አለ እንዴ?» አለ። በዚያ ተራራ ሥር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ፊቴን ወደ መተላለፊያው አዞርኩ፤ እንባዬን እንዲያይ አልፈለግሁም፤ አሁን እኮ ያያል።

ውጫሌ ስንደርስ ስለ ከተማዋ ጠየቅሁት። የውጫሌ ውል የተፈረመው ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው ይስማ ንጉሥ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. መሆኑን ያውቃል፤ የሰማውን አይረሳም። የአንቀጽ 17ን ነገር ግን አስተካክሎ አያውቅም ነበር። አማርኛው ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመገናኘት ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል ማድረግ ይቻላቸዋል ሲል፣ ጣልያንኛው ግን ግድ አደረገባቸው። በዚህ ሰበብ የተነሣው ጠብ አድዋ ላይ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተቋጨ። «አየህ» አልኩት፣ «አንድን ወረቀት አጥርቶ ማየትና አለማየት አገር ያጣላል።»

ወደ ትምህርት ቤቱም ሄድኩ። መምህሩ ሲሰሙ አዘኑ፤ ከፊት ወንበር አስቀመጡት። ፑል ቤቱን ደግሞ ዝጋ አላልኩም። ወጣቱ የሚተዳደርበት ነው፤ ልጆቹም ሌላ መዋያ የላቸውም። በትምህርት ሰዓት ተማሪ እንዳያስገባ ብቻ ለመንኩት። «በአላህ ሲስተር፣ ቃሌ ነው» አለኝ። ልጁ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ እንዲጫወት ከእህቴ ጋር ተስማማን። ያን ቅዳሜ ባለቤቱ በስልክ የነገረኝን ልንገራችሁ፦ የጠረጴዛውን ጫፍ ኳስ አስገብቶ ዱላውን ሲያስቀምጥ ማንም አራት ዓይና አላለውም። ቢሉትም ትርጉሙን ያስረዳቸው ነበር።

ውድ ወላጆችና አያቶች፣ ልጃችሁ ቴሌቪዥን ተጠግቶ የሚያይ ከሆነ፣ ደብተሩን አፍንጫው ሥር አድርጎ የሚያነብ ከሆነ፣ ሩቅ ሲያይ ዓይኑን የሚያጨፍን ከሆነ፣ ራሱን ያመኛል የሚል ከሆነ፣ ወይም ጎበዝ የነበረው በድንገት ትምህርት የጠላ ከሆነ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ዓይኑን አስመርምሩት። ልጅ አይታየኝም ብሎ አይናገርም፤ ዓለም ለሁሉም እንደዚያው የደበዘዘች ይመስለዋል። መነጽር ዓይን ያደክማል የሚባለውንም አትስሙ፤ ልጁ የሚጎዳው ሳያይ ሲቀር ነው።

እህቴ ትናንት ደወለች። እናቱ ከዓረብ አገር በቪዲዮ ደውላ ልጇን በመነጽሩ አይታው፣ «ማን ነው ይሄ መምህር?» አለችው አሉ።